አባ ዳበሳና የጠጠር ሁለተኛ ዓመት

የበር ፈታሹ አማች ሦስት የተሰነጠቁ ስፔሰሮች በመዳፉ ይዞ፣ መዳፉንም እንደ ሳህን ዘርግቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው ወደ በሩ መጣ።

«አባባ፣ እነዚህን ለጠጠር ልወስድላት ነው» አለ።

ስፔሰር ማለት ኮንክሪት ሲሞላ ብረቱ ከጣውላው ጋር እንዳይጣበቅ ብረቱ ላይ የምትሰካ ትንሽ የፕላስቲክ ጎማ ናት። የመጫወቻ መኪና ጎማ ታህላለች። ከተሰነጠቀች አትጠቅምም፤ ወደ ቆሻሻ ክምር ትወረወራለች። አማችየው ፌራዮ ነው፤ ሥራው ብረት ማጠፍና ማሰር ስለሆነ እንዲህ ያለው ስንጥቅጣቂ ከእግሩ ስር አይጠፋም።

ፈታሹ ዕቃውን አዩት፤ ሰውየውን አዩት።

«መውጫ ወረቀት የታለ?»

«የተሰነጠቀ እኮ ነው አባባ። ነገ ጠዋት የቆሻሻ መኪናው ይወስደዋል።»

«መኪናው ወረቀት አለው።»

ከኋላ የተሰለፉት ሳቁ። አማችየው ሊስቅ ሞክሮ ከንፈሩ እንቢ አለው። ተመልሶ ሦስቱንም ክምሩ ላይ ጣላቸውና ባዶ እጁን ተፈትሾ ወጣ።

ፈታሹ በዚያ ሕንፃ ሥራ በር ላይ ከቆሙ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። አንዱ ሕንፃ ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል፤ በሩ ግን የእሳቸው ነው። ከምሳ ዕቃ ሥር ሚስማር አውጥተዋል፤ ከሰው ወገብ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ፈትተዋል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከዳቦ ሆድ ውስጥ የቧንቧ መክፈቻ ጎትተዋል። ሠራተኛው ከኋላቸው «አባ ዳበሳ» ይላቸዋል። ያውቃሉ፤ አይከፉም። የሚከፋቸው እጃቸው ከሥራ ሰዓት ውጭ ማረፍ አለመቻሏ ነው። ዘመድ ሲያቅፉ እንኳ ሳያስቡት ወደ ወገብ ትወርዳለች።

«እኔን ስታቅፈኝ ትፈትሸኛለህ» ይላሉ ሚስታቸው። «መቼ ነው ፍተሻህን ጨርሰህ የምታቅፈኝ?»

ጠጠር የልጃቸው ልጅ ናት። ስትወለድ ትንሽ፣ ክብና ጠንካራ ስለነበረች ይህን ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። የልጃቸውና የአማችየው ቤት መስኮት ከመንገዱ ማዶ መሬት የሚቆፍር ኤክስካቫተር ያሳያል። ልጅቷ «እማዬ» ከማለቷ በፊት «ካቫ» አለች። ካቫ ካልታየ ምግብ የለም፤ ካቫ ካልቆመ እንቅልፍ የለም። ሁለት ዓመት ሊሞላት ሦስት ሳምንት ሲቀረው እናቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ልደቱን የሕንፃ ሥራ ቦታ፣ ሳይት አስመስለዋለሁ ብላ ተነሣች።

ነገሩ በጨዋታ የተጀመረ መስሎ ነበር፤ በሳምንቱ ግን የምር ፕሮጀክት ሆነ። ግድግዳው ላይ ዝርዝር ተለጠፈ። በግቢው ጥግ የአሸዋ ክምርና ትንንሽ አካፋዎች፤ ከፍሪጅ ካርቶን የሚሠራ ኤክስካቫተር፤ ለሕፃናቱ ብርቱካናማ ሰደርያ፤ በሩ ላይ ቀይና ነጭ ሪባን፤ አፈር እንዲመስል ብስኩት የተፈጨበት ኬክ። ከዝርዝሩ ግርጌ ግን አንድ መስመር ተጽፎ በእስክሪብቶ ድምጥማጡ እስኪጠፋ ተሰርዟል። አባ ዳበሳ ዓይናቸው ያረፈው እዚያ ላይ ነበር።

«ይሄ ምን ነበር?»

«ምንም አባዬ። የተውነው ነገር ነው።»

የተውት ነገር ከሆነ አንድ መስመር ይበቃዋል፤ ይህ ግን እንዳይነበብ የተደረገ ነው።

ከዚያ ወዲያ ወደ ልጃቸው ቤት በገቡ ቁጥር ወሬው እንደ ክር ይበጠሳል። ሰደርያዎቹ ተሰፍተው ሲያልቁ አንዱን አንሥተው ገለበጡት፤ የድርጅቱን ምልክት በስፌቱ በስፌቱ ፈለጉ። የድሮ መጋረጃ ነው። አሸዋው ሲመጣ ቆንጠር አድርገው በጣቶቻቸው መሃል አሹት። የሳይቱ አሸዋ ሻካራ ነው፤ ይህ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ የድርጅቱ አይደለም። ልባቸው ግን አላረፈም። ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ነገር ሁሉ ሌላውን የሚሸፍን መሰላቸው።

አንድ ቀን ማታ በራሳቸው ቤት፣ ሚስታቸው ከወጥ ቤት ሲወጡ የሽርጣቸው ኪስ ቀጭ ቀጭ አለ። አባ ዳበሳ ሚስማርን ከብሎን በድምፅ የሚለዩ ሰው ናቸው።

«ኪስሽ ውስጥ ምንድን ነው?»

«አዝራር። ልጅህ ላኪልኝ ብላኝ ነው።»

«የምን አዝራር ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«የኮት አዝራር! እጄን ልስቀልልህ?»

እውነቱን ለመናገር እጃቸውን ቢሰቅሉላቸው ደስ ባላቸው።

ከሁሉ በላይ ግን አማችየው አላምርህ አላቸው። በሰው ፊት ያፈረ ሰው ያኮርፋል። ይሄ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጭራሽ ሰላምታው ሞቀ። በምሳ ሰዓት በሩ አጠገብ ወዳለችው ክፍላቸው እየመጣ «አባባ፣ ውሃ ልጠጣ» ይላል፤ ከጄሪካኑ ቀድቶ ይጠጣል፤ አመስግኖ ይሄዳል። ላይ ፎቅ ውሃ ጠፍቶ ነው? ሰው ያለ ነገር እንዲህ ትሑት አይሆንም። አማቻቸው ሌባ ከሆነ፣ የሚሰርቀውም በእሳቸው በር ከሆነ፣ አሥራ አንድ ዓመት የቆሙት ለምን ነበር? ከዚህ በኋላ ማንን ቀና ብለው «ክፈት» ሊሉ ነው?

ከልደቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ የመውጫው ፊሽካ እንደተነፋ አማችየውን ከሰልፉ ነጠሉት። ሄልሜቱን አስወለቁት፤ ውስጡን በጣታቸው ዞሩበት። ቀበቶውን አስፈቱት። ጫማውን አስወለቁት። ካልሲውንም። አርባ ሰው እያየ ባዶ እግሩን ሲሚንቶ ላይ ቆመ። ምንም አልተገኘበትም።

«አባባ» አለ አንዱ ግንበኛ ከኋላ፣ «አማችዎን እንዲህ ካደረጉት እኛን ቆዳችንን ሊገፉን ነው።»

ማንም አልሳቀም። አማችየው ካልሲውን ቀስ ብሎ አጠለቀና ደህና ይዋሉ እንኳ ሳይል ሄደ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጃቸው ቤታቸው ድረስ መጣች። አልተቀመጠችም።

«አባዬ፣ ነገ የምትመጣው እንደ አያት ከሆነ ና። እንደ ፈታሽ ከሆነ ግን ቅር። ያ የሱም ቤት ነው። ሁለተኛ እንዲህ ካዋረድከው ጠጠርን እዚህ ይዣት አልመጣም።»

«እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁት።»

«ነገ ሥራ የለህም» ብላ ወጣች።

እሑድ ዕለት አባ ዳበሳ እጆቻቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ እንዳትፈታ ያሰሯት ይመስል አንዷን በሌላዋ ጨብጠው፣ ከሪባኑ ሥር ጎንበስ ብለው ገቡ። ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ሕፃናት በመጋረጃ ሰደርያ አሸዋ ይዝቃሉ። አንዱ የዛቀውን ይበላል። አማችየው የካርቶኑን ኤክስካቫተር ወገቡ ላይ አጥልቆ እየተንበረከከ እንደ ሞተር ያጓራል፤ ጠጠር «ካቫ! ካቫ!» እያለች ከኋላው ትሮጣለች። ጥሩ ነበር። እንደ አያት ቆመው ለማየት ተዘጋጁ።

ቀና ሲሉ ግን ከኬኩ ጠረጴዛ በላይ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ በክር የተሰካኩ ትንንሽ ግራጫ ጎማዎች አዩ። አንድ፣ ሁለት ብለው ጀመሩ። ሃምሳ ላይ ሲደርሱ ቁጥሩ ጠፋባቸው። ሁሉም ስፔሰር ናቸው።

ወደ አማችየው ሄዱ።

«በየት ነው ያወጣኸው?»

አማችየው ከነካርቶኑ ተነሣ። የኤክስካቫተሩ ክንድ ተንጠልጥሎ ወደ ጎን ዘመመ።

«በበሩ።»

«በየትኛው በር?»

«በእርስዎ በር።»

«ፈትሼሃለሁ!»

«አዎ። ፈትሸውኛል።»

ይህን ጊዜ ሚስታቸው የኬኩን ቢላ እንደያዙ መሃል ገቡ።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚያ በር የማትፈትሸው ሰው አለ?»

«የለም። የኢንጂነሩንም ቦርሳ እፈትሻለሁ።»

«የራስህንስ?»

ነገሩ እስኪገባቸው ጥቂት ጊዜ ወሰደባቸው። የምሳ ቦርሳቸው በሩ አጠገብ ባለችው ክፍላቸው ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይውላል። አማችየው ውሃ ሊጠጣ ሲገባ፣ እሳቸው ወደ መኪኖቹ ዘወር ባሉበት፣ ሦስት አራት ስንጥቅጣቂ ጣል ያደርግበታል። ማታ ሚስታቸው ምሳ ዕቃውን ሊያጥቡ ሲያወጡ ሽርጣቸው ኪስ ውስጥ ይጨምሩታል። ቦርሳው ሦስት ሳምንት ሙሉ በመንገድ ላይ ሲንኳኳ አባ ዳበሳ ሰምተዋል፤ ማንኪያው መስሏቸው ነበር።

«አንቺም?»

«እኔም» አሉ ሚስታቸው።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«በእጁ ይዞ፣ በግልጽ መጥቶልህ ነበር እኮ አባዬ» አለች ልጃቸው።

አባ ዳበሳ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ኬኩ ተቆረጠ፤ ድርሻቸው ጉልበታቸው ላይ ሳይነካ ቀረ። ይበላቸው የነበረው የስፔሰሮቹ ነገር አልነበረም። በእነዚህ አሥራ አንድ ዓመታት ስንት ሰው ከዚያ ጄሪካን ውሃ ጠጥቷል? በዚያ ቦርሳ ሌላ ምን ወጥቷል? ከቤታቸው እስከ በሩ ያለው መንገድ ላይ ስንት እጅ ቦርሳቸው ውስጥ ገብቶ ወጥቷል? በዓይነ ሕሊናቸው የጠጪዎቹን ፊት አንድ በአንድ አሳለፉ፤ ሁሉም ትሑት ነበሩ።

ሊሄዱ ሲሉ ልጃቸውን የስፔሰሮቹን ጌጥ እንድትሰጣቸው ጠየቋት። ጠብ የመጣ መስሏት አመነታች፤ ቢሆንም አውርዳ ሰጠቻቸው።

ሰኞ ጠዋት ጌጡን ጠቅልለው ኢንጂነሩ ጋ ገቡ። በእኔ ቦርሳ ወጥቷል አሉ፤ የማንንም ስም አላነሡም። ኢንጂነሩ ከት ብሎ ሳቀ።

«ለዚህ ነው የመጡት? ቆሻሻ እኮ ነው።»

«ወረቀት ይጻፉለት።»

«ስንት ልበል?»

«ስልሳ ሁለት። አንዷን ልጅቷ አልለቅም ብላለች፤ እሷንም ይጻፉ።»

ማታ ፊሽካው ሲነፋ ቦርሳቸውን ከሚስማሩ አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አማችየው ሰልፉ መሃል አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ጠሩት።

«ፈትሸኝ።»

ፊታቸው ላይ ቀልድ ፈለገ፤ አላገኘም። «ይተዉ አባባ።»

«ፈትሸኝ አልኩህ። ከዛሬ ጀምሮ ሰልፉ ከመነቃነቁ በፊት እኔ እፈተሻለሁ። ዛሬ አንተ፣ ነገ ሌላ ሰው።»

አማችየው እጁን በሱሪው ጠረገ። ምሳ ዕቃውን ከፈተ፤ ማንኪያውን አንሥቶ ሥሩን አየ። ጌጡን ዘረጋ፤ ወረቀቱን አነበበ፤ ከዚያም ተሰላፊው እያጉረመረመ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው።

«አንድ ይጎድላል» አለ፤ አልሳቀም።

«ወረቀቱን እስከ ታች አንብበው።»

አነበበው። አጠፈውና መለሰላቸው።

«ጫማዎን ያውልቁ።»

አባ ዳበሳ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ። የቀኝ ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል። ግንበኛው ሊል ያሰበውን ዋጠው። አማችየው ጫማውን አራገፈ፤ ሶሉን ዳሰሰ፤ አስነሥቶ ወገባቸውን በሁለት እጁ ዞረው። እጁ የብረት ሠራተኛ እጅ ነው፤ ይከብዳል፤ አይቸኩልም። እሳቸውም ይህች ነገር ከተፈታሹ ወገን ስትሆን ይህን ያህል እንደምትረዝም አያውቁም ነበር።

ሲጨርስ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። አባ ዳበሳ ጫማቸውን አሰሩ፤ ቀና አሉ።

«በል» አሉት፣ «አሁን አንተ እጅህን አንሣ።»

አማችየው እጁን አነሣ።