ያለ ሐዘን የተላጨ ራስ

ባለቤቴ ወደ ቤሩት በሄደችበት ጠዋት እቤታችን ውስጥ መጨረሻ የሠራችው ሥራ የልጃችንን ጸጉር መጎንጎን ነበር። ሻንጣዋ በር ላይ ቆሟል፣ ወደ ኤርፖርት የሚወስዳት መኪና ውጭ ክላክስ ያደርጋል፣ እሷ ዱካ ላይ ተቀምጣ ልጅቷን በጉልበቶቿ መሃል ይዛ ቀጫጭን ሹሩባ ትሠራላታለች። እኔ መሄዷ ሳይሆን ማርፈዷ ያናደደኝ መስዬ እየተንጎራደድኩ ቶሎ በይ፣ መኪናው ጥሎሽ ይሄዳል እላታለሁ። ቀና ብላም አላየችኝ። የመጨረሻዋን ጉንጉን ጫፍ በክር አስራ ስትጨርስ ልጅቷን ማጅራቷ ላይ ሳመቻትና ወጣች።

ያኔ የምንኖረው ሰበታ ነው። እኔ ወፍጮ ቤት ተቀጥሬ እፈጫለሁ። ልጃችን አራት ዓመት አልፏታል። ሰው ልጅ ብቻህን ታሳድጋለህ ወይ ሲለኝ ምን አለበት፣ ታድጋለች እያልኩ እመልስ ነበር። ለካ ልጅ ማሳደግ ማብላትና ማጠብ ብቻ አይደለም። ጠዋት ጫማዋን ሳስርላት የግራውን መጀመሪያ ካላሰርኩ እንደምታለቅስ የሚያውቀው እናቷ እንጂ እኔ አልነበርኩም። እንቁላል ስጠብስላት ዳር ዳሩን ቆርጣ ትታ መሃሉን ብቻ እንደምትበላም እንደዚያው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ እንደ አዲስ መማር ነበረብኝ።

ወፍጮ ቤት ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች እኔና ልጄ እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንመጣ እናትየዋ መጣች እያሉ ይስቁብኛል። ስቄ አልፋለሁ፤ ግን ውስጤ ይበግናል። ብቸኝነት ሰው ሲጠፋ ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ በሴቶችና በጆንያ ተከብቤ፣ በወፍጮው ጩኸት ውስጥ፣ ዛሬ ልጄ እንዲህ አለች ብዬ የምነግረው አንድ ሰው አልነበረኝም።

እሑድ እሑድ ባለቤቴ እረፍት አላት፤ በቪዲዮ ትደውላለች። ልጅቷ ግን ስልኩ ሲጮህ ከአልጋው ጀርባ ትገባለች። እባክሽ ነይ፣ እማዬ ናት እኮ ብዬ ስለምናት አንድ ቀን እዚያው እንደተደበቀች፣ "እማዬ አይደለችም፣ ስልክ ናት" አለችኝ። ባለቤቴ ሰማች። ፈገግ ለማለት ሞከረች፣ አልሆነላትም። ከዚያ ቀን በኋላ ስትደውል፣ ባትመጣም ግድ የለም፣ ከጀርባዋ አሳየኝ ትለኛለች። የምታየው ሹሩባውን ነው።

ሹሩባው ደግሞ አይነካም። ከሥሩ አዲስ ጸጉር አድጎ ጉንጉኑን ወደ ላይ ገፍቶት፣ ጫፉ ተበታትኖ፣ ዱቄት ጠጥቶ ነበር። ጎረቤታችን ፈትታ እንደገና ልትሠራላት ማበጠሪያ ይዛ ስትመጣ ልጅቷ በሁለት እጇ ራሷን ይዛ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ትጮሃለች። የእናቷ እጅ ያረፈበት ነገር እሱ ብቻ ነው የቀራት። ይህ ስለገባኝ ተዉአት አልኩ።

እንዲህ እያለን የከተማው ግርግር ባሰ። ማስተር ፕላኑ የሚባለው ነገር ከተነሳ ጀምሮ ከተማችን አንድ ቀን ሰላም፣ አንድ ቀን ጭስ ነበረች። መሬቱ ይወሰድብኛል ያለ ገበሬና ልጁ ወጡ፣ ወታደር መጣ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ሱቆች ተቆለፉ፣ የልጄም ትምህርት ቤት በሩን ዘጋ። ከቡራዩም ከሱሉልታም የሚሰማው ወሬ ተመሳሳይ ነበር። ተኩስ በሰማሁ ቁጥር ልጄን ወፍጮው አጠገብ አስቀምጬ ሞተሩን እህል ሳይኖርበት አስነሳዋለሁ፤ ጩኸቱ ሌላውን ጩኸት እንዲውጥላት። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ባዶውን ሲዞር ድንጋዩን ይበላዋል ብሎ ተቆጣኝ። ይብላው አልኩት። ያን ቀን ከሥራ ያላባረረኝ ሌላ ሰው መቅጠር ስላልቻለ ይመስለኛል።

ከዚያ ኢንተርኔት ተቋረጠ። እሑዱም ከሌላው ቀን የማይለይ ሆነ። በዚያው ሰሞን ልጄ ራሷን ስታክ አየሁና ሹሩባውን ገለጥ ባደርገው ቅማል። ጎረቤቴ አይታ፣ ይህ በማበጠሪያ የሚወጣ አይደለም፣ መላጨት ነው አለች። ጸጉር አስተካካዩ እንደ ሌላው ሁሉ ቆልፎ ጠፍቷል። ምላጭና ሳሙና ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ልጅቷ ገና ምላጩን ስታይ ራሷን ያዘች።

አልታገልኳትም። መስታወቱን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩና የራሴን ጸጉር በሳሙና ነክሬ መላጨት ጀመርኩ። ግማሹን ላጭቼ ስዞር ሳቋ መጣ፤ እናቷ ከሄደች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ያማል ወይ አለችኝ። አያምም፣ ይቀዘቅዛል እንጂ አልኳት። ስጨርስ መጥታ መላጣዬን በመዳፏ አሻሸችው፣ ከዚያ ዱካው ላይ ተቀመጠች። አንድ ሹሩባ ብቻ አትጣልብኝ አለች። ከሁሉም ረዘም ያለውን ቆረጥኩላት፣ በፈላ ውሃ አጥቤ አደረቅሁትና በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጠችው። ሁለታችንም መላጣ ሆነን ፀሐይ ላይ ተቀመጥን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አባትነቱ ሆነልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ኢንተርኔቱ አንድ እሑድ ሳይታሰብ መጣ። ስልኩ ሲጮህ ዘልዬ አነሳሁት። ብርድ ስለነበር ጥቁሩን ጃኬቴን ለብሻለሁ። ከኋላዬ ግቢው ውስጥ ጆንያዎቹን ዝናብ እንዳይመታቸው ሸራ ወጥሬአለሁ። ልጄ ደግሞ ለጉድ መላጣዋን ለማሳየት ይሁን አላውቅም፣ ያን ቀን አልተደበቀችም፤ ጉልበቴ ላይ ነበረች። ባለቤቴ እኔን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ ሸራውን አየች።

"ማን ነው የሞተው?" አለች።

ማንም አልሞተም፣ ቅማል ነው አልኳት። ይህን ስል ሳቅ ሳቅ አለኝ፣ እሱ ደግሞ ነገሩን አባሰው። የሚደብቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚስቀው። እሷ ይህን በደንብ ታውቃለች። የጎረቤታችን ልጅ ጅዳ እያለ አባቱ ሞተውበት ሰፈሩ ሁሉ ደብቆታል፤ በደወለ ቁጥር ደህና ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነው ስንለው ከረምን። በሰው አገር ብቻውን ሆኖ መርዶ እንዳይሰማ ብለን ነው። አንድ ቀን ስልኩን አንስታ በጣፈጠ ድምፅ ደህና ናቸው ያለችው እሷው ነበረች። አሁን ያንኑ ዓይነት ቃል ከእኔ አፍ ሰማች። "እናቴ ናት" ብላ ጮኸች። ልጄ ደንግጣ ከጉልበቴ ወረደች። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ፣ ኢንተርኔቱም ተመልሶ ጠፋ።

በማግስቱ በካርድ በመደበኛው ስልክ ደወለች። ድምፅዋ ተዘግቷል። እማማ ደህና ናቸው ብዬ በቅዱሳን ሁሉ ማልኩላት። ለሟች ዘመድ እንዳይሰማ በሐሰት ይማላል፣ አውቃለሁ አለችኝ። ድምፃቸውን አሰማኝ አለች። እናቷ ከተፍኪ ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ስልክ የላቸውም፣ መንገዱም ዝግ ነው። ተፍኪ ከተማ ላሉ ዘመዶቿ ደውላ፣ እነሱም ደህና ናቸው፣ ምን ይሆናሉ ብለዋት ኖሮ ነገሩ አበቃለት። እውነት የምንናገርበት ቃል አልቆብን ነበር።

ያ ሰሞን ከሁሉም የከፋ ነው። በቤቴ የሞተ የለም፤ ግን ሚስቴ ለቅሶ ላይ ናት። ለቅሶ ደራሽ የሌላት፣ ንፍሮ የሚያቀርብላት፣ አይዞሽ የሚላት የሌላት ሐዘንተኛ፣ በሰው ቤት ሰሃን እያጠበች በሕይወት ላሉ እናቷ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ ለጎረቤት ልንገር ብል የሚስቅብኝ እንጂ የሚያዝንልኝ አላገኝም። ልጄ፣ እማዬ ለምን ጮኸች እያለች ትጠይቀኛለች። ስለናፈቅሻት ነው አልኳት። እሷ ግን፣ "ጸጉሬን ስለጣልኩባት ነው" አለች። አይደለም ብላትም አላመነችኝም። በቤቱ ውስጥ የሚያምነኝ ሰው ጠፋ።

መንገዱ ሲከፈት ልጄን አዝዬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተፍኪ ወረድኩ። አማቴ ሽምብራቸው ውስጥ አጎንብሰው አረም ሲነቅሉ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። "በቁሜ ገደለችኝ?" አሉ። ከዚያ የእኔን መላጣ፣ የልጅቷን መላጣ አዩና፣ አንተም ብትሆን እንዲህ ሆነህ ለማን ትታያለህ ብለው ወረዱብኝ። ተቆጡኝ እንጂ ሰው ስላናገረኝ ደስ አለኝ።

ከዚያው ሆነን ደወልን። ባለቤቴ ድምፃቸውን ሰምታ፣ አክስቴን ነው ያገናኘኸኝ አለችኝ። አክስቷና እናቷ ድምፃቸው አንድ ነው፤ በአካልም ቢሆን ከጀርባ የሚጠራቸው ሰው ይሳሳታል። ምን ላድርግ? በዓይኗ ካላየች አታምንም፣ ኢንተርኔት ደግሞ የለም። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ዋይፋይ ይሠራል ሲባል ሰምቻለሁ። አማቴን፣ እማማ፣ ይሄዳሉ ወይ አልኳቸው። ነጠላቸውን ቀይረው ከእኔ ቀድመው መንገድ ላይ ቆሙ።

ሰበታን ሳናልፍ ወታደሮች አስቆሙንና ውረዱ አሉን። ለምን ጉዳይ ነው የምትሄዱት አለን አንድ ወጣት ወታደር። እኔ ከየት እንደምጀምር ሳስብ አማቴ ቀደሙኝ። "አለመሞቴን ላሳይ ነው" አሉት። ወታደሩ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ የእኔንና የልጄን ራስ አየ። መታወቂያ ሳይጠይቀን እለፉ አለን።

ሆቴሉ አየር ጤና አካባቢ ነው። አማቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ ታዘዘላቸው። ልጄ የክብሪት ቀፎዋን ይዛ ከወንበሬ ኋላ ገባች፤ ብትጮህብኝስ አለችኝ። ደወልኩ። ባለቤቴ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራ ብቅ አለች። ስልኩን ለእናቷ ሰጠሁ።

"ኢንተላ ኮ፣ አኒ ህን ዱኔ" አሉ። ልጄ፣ እኔ አልሞትኩም ማለታቸው ነው። ባለቤቴ አፏን በእጇ ይዛ አየቻቸው። አላመነችም፤ ከአክስቷ ጋር መልካቸውም ይቀራረባል። አውራ ጣትሽን አሳዪኝ አለች። አማቴ ልጅ ሳሉ ማጭድ የቆረጠውን አውራ ጣታቸውን ወደ ስልኩ አቀረቡ። ያን ጊዜ ባለቤቴ ከስልኩ ጠፋች፤ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነበር፣ ጣራው ብቻ ታየን። አማቴ እያለቀሱ ይሰድቧት ጀመር፣ አስተናጋጆቹም ቆመው አዩን።

ተመልሳ ስትመጣ ሻሹ ወልቋል። ራሷ ተላጭቷል። ለእናቷ ብላ፣ ብቻዋን፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ነው የተላጨችው። ማዳሟ ስታያት ቅማል መስሏት ልብሷን ሁሉ አስቀቀለቻት። ይህን ስትነግረኝ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። አስቤው የነበረው የእሷን ለቅሶ እንጂ ራሷ ላይ ምላጭ ይዛ ስትቆም አልነበረም።

በዚህ መሃል ልጄ ከወንበሩ ኋላ ወጣች። ማንም አልጠራትም። የአያቷ ጉልበት ላይ ወጥታ ስልኩን ለረጅም ጊዜ ትኩር ብላ አየችው።

"አንቺንም ቅማል ያዘሽ?" አለቻት።

ባለቤቴ አዎ አለች። ስትደውል ከርማ ከልጇ የተሰጣት የመጀመሪያ ቃል ያ ነው። ልጄ የክብሪት ቀፎውን ከፍታ ሹሩባውን አወጣች፣ የስልኩ መስታወት ላይ፣ የእናቷ መላጣ ባለበት ቦታ ላይ አስቀመጠችውና በመዳፏ ተጫነችው። "ይኸው፣ ያንቺን አልጣልኩብሽም፤ እስኪበቅል ይህን አድርጊ" አለቻት።

ስክሪኑ ተሸፍኖ ባለቤቴ አትታየንም ነበር። ድምፅዋ ብቻ ነው የሚሰማው። ልጄን እጅሽን አንሺ ብላትም አላነሳችም፣ እኔም ደግሜ አልነገርኳትም። የሆቴሉ ኔትዎርክ እስኪቋረጥ ድረስ እንደዚያው ይዛላት ቆየች።