ወንድሜ «ቆዪ» እስኪለኝ

ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ ትንሽ የገበያ ሕንፃ ሥር፣ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። ከደብተሮቹ ማዶ ባለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ ዘንዶ፣ ጠንቋይና ክንፍ ያለው ፈረስ የተሳለባቸው የመጫወቻ ካርዶች አሉኝ። በታሸገ ፓኬት ነው የሚሸጡት፤ ገዢው ምን እንደደረሰው የሚያውቀው ከቀደደው በኋላ ነው። መጀመሪያ ያመጣኋቸው ለልጆች ብዬ ነበር፤ የሚገዙኝ ግን ክራቫት ያሰሩ ሰዎች ሆኑ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው ካፌ ሁለት ጠረጴዛ ገጣጥመው ይጫወታሉ፤ ሲጣሉ ወደ እኔ ይመጣሉ።

«ማዳም፣ ስዋሊ ዶጎ» ይሉኛል። ትንሽ ጥያቄ አለን ማለታቸው ነው። ትንሽ ሆኖ ግን አያውቅም።

ጨዋታውን አልወደውም ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ ብል ውሸት ይሆናል። ነገር ግን ባንኮኒዬ ላይ ተደግፈው ሲጨቃጨቁ እስክሪብቶ ሊገዛ የመጣው ሰው እየተመለሰ ስላስቸገረኝ፣ አንድ የዝናብ ሰሞን ተቀምጬ የሕጉን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ያኔ ነው ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ያንኑ እንደሆነ የገባኝ። አሁን ያወረድኩት ፍጡር አሁኑኑ ማጥቃት ይችላል ወይ ይላሉ። አይችልም፤ አዲስ ገቢ ነውና አንድ ዙር ያርፋል። ካርዱ ላይ የተጻፈውና የሕጉ መጽሐፍ ቢጋጩስ? ካርዱ ይረታል። አንድ ጠበቃ ደንበኛዬ ይህን እስካሁን አልተቀበለም፤ በመጣ ቁጥር ይግባኝ ይጠይቃል።

የቀስተኛው ጉዳይም አለ። ቀስተኛው ከተኮሰ በኋላ ተጋጣሚው ድግምት አውጥቶ ይገድለዋል፤ ከዚያ ተኳሹ ስለሞተ ፍላጻውም ቀርቷል ብሎ ድርቅ ይላል። አልቀረም። የተለቀቀ ፍላጻ ባለቤቱ ቢሞትም መንገዱን ይቀጥላል። ፍላጻው ከንቱ የሚሆነው የታለመበት ፍጡር ራሱ ከጠረጴዛው ላይ ከጠፋ ነው፤ ያኔ የሚያርፍበት አጥቶ ይወድቃል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያጣላቸው ግን ጥድፊያቸው ነው። አንዱ ካርዱን ጣል ያደርግና እዚያው ያሰበውን ይፈጽማል፤ የሌላውን ፍጡር ያነሣል፣ ነጥብ ይቀንሳል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሌላው «ምላሽ ነበረኝ እኮ!» ብሎ ይጮሃል። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ?» ይለዋል የፊተኛው። ለዚህ የምሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያረፈ ካርድ የተደረገ ነገር ሳይሆን ሊደረግ የታሰበ ነገር ነው፤ የሚደረገው ሌላው ሰው ሲያሳልፈው ነው። ዝም ማለት ማሳለፍ አይደለም፤ ጠይቁት። ምላሽ ካወጣ ደግሞ እንደተደራረበ ሳህን ከላይ ያለው ቀድሞ ይነሣል፣ መጨረሻ የተባለው መጀመሪያ ይፈጸማል። ይህን ስል ድምፄ ከፍ ሳይል አይቀርም፤ የካፌዋ አስተናጋጅ «ጃጂ» እያለች ትቀልድብኛለች፤ ዳኛዋ ማለቷ ነው።

ወንድሜን ስትሮክ ሲመታው ኑሮዬ ይኸው ነበር።

ናይሮቢ ያመጣኝ እሱ ነው። ምግብ ቤት ነበረው፤ ሰው የሚመጣው ለምግቡ ሳይሆን ለወሬው ነው ቢባል ቅር የሚለው ሰው አልነበረም። ከሾፌሮቹ ጋር በስዋሂሊ፣ ከቢሮ ሰዎች ጋር በእንግሊዝኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ሲያላግጥ ይውላል። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ እጁ ዝሎ፣ ቃል ጠፍቶት ነበር። የሚባለውን ይረዳል፣ የሚለውን ያውቃል፤ ከማወቁ እስከ ማለቱ ያለው መንገድ ግን ረዘመበት። ጥቂት በጥቂት መመለስ የጀመረው አማርኛው ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁለቱ የት እንደገቡ እንጃ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ልጅ አልነበራቸውም፤ እኔም ባልም ልጅም የለኝም። ይህን የምጽፈው ቤት ውስጥ ማን ማን እንዳለ እንዲታወቅ ነው። ምግብ ቤቱ ተዘጋ፤ እሱን ሳውዝ ሲ ሰፈር ወዳለው አፓርታማዬ አመጣሁት።

ታላቃችን፣ እትዬ፣ አዲስ አበባ ናት። ስትደውል ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ «ላኪልኝ» ትላለች። «አንቺ ሱቅ ትውያለሽ፣ እሱ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ከእኔ ጋር ይሁን።» እኔ ደግሞ «አይፈልግም» እላታለሁ። ግማሽ ዕድሜውን የኖረው እዚህ ነው፤ ሐኪሙም እዚህ፣ ወዳጁም እዚህ፣ እኔም እዚህ። ይሂድ ወይስ ይቅር እያልን ሁለታችን ስንነታረክ ወንድሜ ከስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ይሰማል። አንድ ቃል አይወጣውም።

ጠያቂ አይጠፋም ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው፤ እጅግ ደጎች። ያስቸገረኝም ደግነታቸው ነው። ወንድሜ አፉን ሲከፍት አንዱ ውሃ ያመጣል፣ አንዷ ትራስ ታስተካክላለች፣ ሌላው ቴሌቪዥን ይከፍታል። በእኛ ዘንድ የታመመ ሰው በመናገር መድከም የለበትም፤ ቃሉን ከአፉ ነጥቀው ይጨርሱለታል። ሊል የነበረው ምን እንደሆነ ማንም ሳያውቅ እሱ ውሃውን ይጠጣል፣ ትራሱን ይደገፋል፣ እነሱም «እግዚአብሔር ይማርህ» ብለው ይሄዳሉ።

ላቪንግተን ሰፈር ንግግር የምታለማምደው ኬንያዊት ሐኪም «ቤት ውስጥ ጨዋታ ተጫወቱ» አለችኝ። ተራው ሲደርስ አጭር ቃል የሚያስወጣው መሆን አለበት አለች። መጀመሪያ ተራውን ካርታ አመጣሁ፤ እሱ ራሱ በልጅነቴ ያስተማረኝን። በግራ እጁ እየመዘዘ፣ ትንፍሽ ሳይል፣ ደጋግሞ አሸነፈኝ። ካርታ ለካ አፍ አይፈልግም። ተናደድኩ፤ ግማሹ ንዴት በመሸነፌ ነበር።

ነገሩ የታየኝ ሱቅ ውስጥ ነው። አንድ ቅዳሜ ለሁለት ወጣቶች «ዝም ማለት ማሳለፍ አይደለም፣ ጠይቀው!» እያልኩ ስጮህ የገዛ ድምፄን ሰማሁት። በዚያው ቀን ከመደርደሪያው ላይ ጥቂት ፓኬት አንሥቼ ወደ ቤት ይዤ ሄድኩ። አንድ እጅ ካርዶቹን ዘርግቶ ለመያዝ ስለማይበቃ፣ ከሰፈራችን አናጢ ጋር ተነጋግሬ ስንጥቅ ያለው እንጨት አሠራሁ፤ ካርዶቹን እዚያ ላይ እየደረደረ ያያቸዋል።

ሕጉን ሁሉ ወደ ሁለት ቃል አወረድኩት። እኔ ካርድ ሳወርድ «ምላሽ አለህ?» እለዋለሁ፤ ካለው «ቆዪ»፣ ከሌለው «እለፊ» ማለት አለበት። እሱ ሲያወርድ ደግሞ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፍና እኔ «ቆይ» ወይም «እለፍ» እስክለው ይጠብቃል። ራስ መነቅነቅ አይቆጠርም፣ ዝምታም አይቆጠርም። ቃሉ ካልወጣ ጨዋታው ንቅንቅ አይልም።

እኔ መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። ማታቱ ታክሲው እስኪሞላ አልጠብቅም፣ ሻይ እስኪበርድ አልጠብቅም፣ ምላሴ የተቃጠለ ሆኖ ነው የምኖረው። መጀመሪያ ሰሞን ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ባየሁ ቁጥር ልጨርስለት እቁነጠነጥ ነበር። ሁለት እጆቼን ከጭኔ ሥር ከትቼ መቀመጥ ለመድኩ። «እለፊ» ቀድማ መጣች። «ቆዪ» ግን ዘገየች፤ የመጣችውም በዚያ መከረኛ ቀስተኛ ምክንያት ነው።

ወንድሜ አንድ ረግረግ ውስጥ የሚኖር፣ ሆዱ የተነፋ አስቀያሚ ፍጡር ነበረው። ስሙን በእንግሊዝኛ ማለት ስላቃተው በጣቱ ወደ ላይኛው ፎቅ ጠቆመኝ፤ አከራያችን የሚኖሩት እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ፍጡሩ «አከራይ» ተባለ። ቀስተኛዬን በአከራይ ላይ አነጣጥሬ «ምላሽ አለህ?» ስለው፣ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ «ቆ... ቆዪ» አለኝ። ካርዱን አወረደና ቀስተኛዬን ገደለብኝ። በደስታ ልጮህ ምንም አልቀረኝ፤ ሕግ ግን ሕግ ነው። «ጋሼ፣ ቀስተኛው ይሞታል፤ ፍላጻው ግን ተለቋል፣ አይመለስም» አልኩና አከራይን አነሣሁበት። አፈጠጠብኝ። ትንሽ ቆይቶ «ሌባ» አለኝ። ከታመመ ወዲህ ማንም ሳይጠይቀው ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ቃል ነው፤ እንባ እስኪወጣን ሳቅን።

የተነገረውን አይረሳም። በሌላ ቀን ያው ነገር ሲገጥመው ቀስተኛዬን አልነካም። «ቆዪ» አለና የገዛ አከራዩን ከጠረጴዛው ላይ ራሱ አነሣው። ፍላጻዬ የሚያርፍበት አጣ። እንዲህም ማድረግ ይቻላል፤ ሱቄ ውስጥ ይህን ያሰበ ሰው ጥቂት ነው።

ጨዋታው እንዲህ እያለ ሲሄድ ከቤት መውጣቱ ግን ቀነሰ። የግቢያችን ዘበኛ፣ እዚህ አስካሪ የሚሉት፣ ወንድሜን ከድሮ ያውቀዋል፤ ጤነኛ ሳለ እኔን ሊጠይቅ ሲመጣ መኪናውን በሩ ላይ ገትሮ፣ ከኋላ ጡሩምባ እየተነፋበት፣ ከጥበቃው ጋር ይቀልዳል። አሁን ሰውየው «ምዜ፣ ሃባሪ?» ብሎ በስዋሂሊ ደኅንነቱን ሲጠይቀው ወንድሜ ግራ እጁን አንሥቶ ፊቱን ያዞራል። ኩራት መሰለኝ። «ሰው እንዴት ዋልክ ሲልህ ምን ያኮራሃል ጋሼ?» ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ በኋላ ወደ በሩ መሄድ ትቶ በረንዳ ላይ መቀመጥ ጀመረ።

እትዬ በስልክ አልሆን ሲላት ራሷ መጣች። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሳሎን ተቀመጥን፤ እሷ፣ እኔ፣ ወንድሜ፣ እና ሊያስማሙን የተጠሩ አንድ ሽማግሌ፣ የወንድሜ የድሮ ወዳጅ።

«ቤቴ ባዶ ነው» አለች እትዬ። «ጎረቤቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ወንድሜን ልውሰደው።»

ሽማግሌው ወደ ወንድሜ አዩ፤ ዝም አለ። «ይኸው አልተቃወመም፤ እንግዲህ ተስማምተናል» አሉ።

«ዝም ማለት ማሳለፍ አይደለም!» አልኩ፣ በሱቅ ድምፄ። ሁለቱም ደነገጡ። ከዚያ በኋላ ማን ይያዘኝ። ሐኪሟን አነሣሁ፣ እዚህ እንዴት እየተሻለው እንደሆነ ነገርኳቸው። ያ ሰፈር ዛሬ እሱ የሚያውቀው ሰፈር አይደለም አልኩ። መሄድ አይፈልግም፤ አውቀዋለሁ፤ ከማንም በላይ እኔ አውቀዋለሁ አልኩ። ጥሩ ተናገርኩ። እትዬ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ሽማግሌውም አቀረቀሩ። የረታሁ መሰለኝ።

«ቆዪ» አለ ወንድሜ።

ለእኔ ነበር ያለው። እትዬ ብድግ ብላ «ውሃ ነው? ውሃ ስጪው እንጂ!» አለች፤ ሽማግሌው ትራስ ፍለጋ ዞሩ። «ተዉት! እሱ ሳይጨርስ ማንም እንዳይነሣ» አልኳቸው። ኮርቼ ነበር። ቃሉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ምላሹን ያወርዳል፣ እቀራለሁ ይላል፣ ነገሩም ያበቃል ብዬ እጆቼን ከጭኔ ሥር ከተትኩ። ከንፈሩ ብዙ ታገለ። ከታች ከበሩ የአስካሪው ሬዲዮ ይሰማል።

«እሄዳለሁ» አለ።

እትዬ ልትናገር ስትል እጇን ያዝኩት፤ አልጨረሰም ነበር። ግራ እጁን ወደ በረንዳው፣ ሬዲዮው ወደሚሰማበት ዘረጋ። «ሰላም... ይለኛል። ቃሉ... የለኝም።» እጁን መለሰና ወደ እኔ ጠቆመ። «እዚህ... አንቺ ብቻ ነሽ።»

ከዚያ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ጠበቀ። ያየው እትዬን አይደለም፣ ሽማግሌውንም አይደለም። ሽማግሌው «እንግዲህ ከራሱ አፍ ሰማን» አሉ፤ ወንድሜ ግን አልሰማቸውም፣ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም። ምላሽ ነበረኝ። ስዋሂሊው ይመለሳል ልለው እችል ነበር። «እኔስ?» ልለው እችል ነበር፤ ማታ ከሱቅ ስገባ ማን ይኖራል፣ እኔስ። መጨረሻ የተባለው መጀመሪያ ይፈጸማልና፣ ይህን ብናገር የእኔ ከላይ ይሆናል፣ የእሱ ከሥር ይቀራል። ሕጉን ከእኔ እኩል ያውቀዋል። እያወቀ ነው የጠበቀኝ።

«እለፍ» አልኩት።