ክላይቭ የጠበቃቸው ወፎች

ጎረቤቴ ክላይቭ የወተት ላሞች ያረባ ነበር። መስከረም ሲጠባ ግን ከላሞቹ ይልቅ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ከግጦሹ በታች ረግረግ መሬት ነበረው። ክረምቱ ሲወጣ ረጅም መንቁር ያላቸው ቡናማ ወፎች ከጃፓን ድረስ ባሕር አቋርጠው እዚያ ቄጠማ ውስጥ ያርፋሉ። ክላይቭና ሚስቱ ኔስታ አመሻሽ ላይ አልበው ሲጨርሱ ፒካፓቸውን አጥሩ ጥግ ያቆሙና ኋላው ላይ ተቀምጠው፣ ሻይ እየጠጡ ይቆጥሯቸዋል። እኔም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሳልተርበው አላልፍም።

«ዛሬስ ወፎቹ ስንት ሊትር ሰጡ?»

«አንተ ከምታልባቸው ላሞች ይሻላሉ፣ ዴስ። ቢያንስ አይራገጡም» ይለኛል።

ያ ሳቁ አሁንም ይናፍቀኛል።

አንድ ዓመት፣ ወፎቹ ሊመጡ ሳምንት ሲቀራቸው ሳንባውን አመመውና ሆስፒታል ገባ። ኔስታ በሄደች ቁጥር የሚጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «መጡ?»

እኛ አገር ጎረቤት ሲታመም አበባ ይዞ መሄድ አናውቅበትም፤ ትራክተር ይዘን ነው የምንሄደው። እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ ላሞቹን አለብን፣ አጥሩን ጠገንን። በመጨረሻም፣ ክላይቭ ሲመለስ ደስ ይበለው ብለን፣ ያንን የተንጨባረረ ቄጠማ ከሥሩ አጭደን ረግረጉን የኳስ ሜዳ አስመሰልነው። ኩራታችን ለጉድ ነበር።

ኔስታ ከሆስፒታል ስትመለስ ከመኪናዋ ወርዳ ብዙ ቆማ አየችው። አልተቆጣችም። ኬክ ቆርሳ አቀረበችልን፤ ብትሰድበን ይሻለኝ ነበር።

«መደበቂያ ካጡ አያርፉም» አለች ቀስ ብላ። «አላወቃችሁም።»

ሠላሳ ዓመት አጥራቸው ላይ ተደግፌ ስቀልድ ኖሬ ይህን አለማወቄ አንገቴን አስደፋኝ። ወፎቹ መጡ፤ ሁለት ጊዜ ዞሩና ሄዱ። ኔስታ በማግስቱ ሆስፒታል ስትሄድ የምትነግረውን ውሸት መንገዱን ሙሉ ተለማመደች። ክላይቭ ሲጠይቃት ግን አቃታትና እውነቱን ነገረችው።

እሱ ግን እስኪያስለው ሳቀ።

«ዴስ ነው ያጨደው? እንግዲያው የእሱ መሬት ላይ ናቸው። የራሱን ቄጠማ አጭዶ አያውቅም።»

በዚያው አመሻሽ ኔስታ ስልኳን ይዛ መጣች። እውነትም ከመጋዘኔ በስተኋላ ዘወር ብዬ የማላየው ማጥ አለኝ። አንድም ወፍ አይታይም፤ ሰው ሊረግጣቸው ካልደረሰ አይነሡም። ኔስታ ለክላይቭ ደወለችና ስልኩን ወደ ማጡ ዘረጋችው። እኔ ከነጫማዬ ገባሁበት። ውሃው ጉልበቴ ሲደርስ አንዱ ከእግሬ ሥር «ጨክ» ብሎ ተስፈነጠረ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ አምስት ስድስቱ ባንዴ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ሠላሳ ዓመት ስቀልድባቸው አንድ ቀን እንኳ ቀርቤ አይቻቸው አላውቅም።

«ስንት ናቸው?» አለ ክላይቭ በስልኩ።

«አሥራ አራት» አለች ኔስታ።

«አሥራ አምስት። አንዱ ዘግይቶ ነው የተነሣው፣ ሰምቼዋለሁ። ዴስን በቃህ ውጣ በይው፣ ይረፉበት።»

ወጥቼ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ስልኩን አልዘጉትም፤ ወፎቹ አንድ በአንድ እስኪመለሱ ሦስታችንም ስናዳምጥ ቆየን።

ክላይቭ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሞተ። ከዚያ ወዲህ በየመስከረሙ ማጡ ዳር ተቀምጬ የምቆጥረው እኔ ነኝ። ስሳሳት የሚያርመኝ ግን የለም።