ዜማውን የሰበረው መርዶ

በሥራ ዘመኔ ሁሉ “ረሃብ” የሚለውን ቃል በአንድም ሪፖርት ላይ አልጻፍሁም። ቃሉ የተከለከለ አልነበረም፤ አትጻፍ ያለኝ አለቃም የለም። እኛ የምንጽፈው “የምግብ ክፍተት”፣ “የዝናብ መዛባት”፣ “አስቸኳይ ድጋፍ የሚሻ ቤተሰብ” እያልን ነበር። ሰው ሲሞትም የመጨረሻ ሕመሙን እንመዘግባለን፦ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ የሆድ ሕመም። ይህን ሳደርግ የዋሸሁ አይመስለኝም ነበር። ከመካነ ሰላም የወረዳ ጽሕፈት ቤት የላክሁት ሪፖርት ለማስተካከያ ተመልሶልኝ አያውቅም። በዚህ እኮራ ነበር፤ ሐቁን ልናገርና ኩራቱ ዛሬም ጨርሶ አልለቀቀኝም።

ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ በልጉ ከሸፈ፤ ክረምቱም ዘግይቶ ገብቶ ቸኩሎ ወጣ። መኸሩ ሳይደርስ ሙዚቀኞች ከአዲስ አበባ እንደሚመጡ ተነገረኝ። በርከት ያሉ ድምፃውያን ተሰባስበው ለተጎዳው ሕዝብ እርዳታ ማሰባሰቢያ የሚሆን ዘፈን ቀርጸዋል። መግቢያው ላይ ግን ከአገሩ አፍ የወጣ እውነተኛ ሙሾ እንዲገባበት ፈልገዋል። ጥሩ አልቃሽ እንድፈልግላቸው ጠየቁኝ። ፍለጋ አላስፈለገኝም፤ ከከተማው ቁልቁል የሁለት ሰዓት መንገድ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። ስማቸውን የማያውቅ ለቅሶ ቤት በአካባቢው የለም።

የእኒህ እናት ጉዳይ በእጄ ያለፈ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ልጃቸው ሞታለች። ባሏ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ወርዶ ሳይመለስ ሲቀር፣ በከላላ በኩል ካለው ከአባቱ ቤት ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ እናቷ መጥታ ነበር። እዚያም እህል አልነበረም። እናት ሳማ ለቅመው ይቀቅላሉ፤ ልጅ ያንኑ ለልጆቿ ታጎርሳለች፤ ለራሷ የሚተርፋት ውሃው ነው። ስትሞት የጤና ሠራተኛው “የሆድ ሕመም” ብሎ መዘገበ። የባሏ አባት ለልጆቹ ጉዳይ ማስረጃ ጠይቀው ነበርና፣ እኔም ይህንኑ በደብዳቤ አረጋግጬ፣ ፈርሜና ማኅተም አሳርፌ ላክሁላቸው።

ያ ደብዳቤ ለከላላዎቹ መርዶ ሆነ። የሆድ ሕመሙ ከየት መጣ ተባለ፤ መልሱም ብዙ አልራቀም፦ እናቷ ሳማ አብልታ ገደለቻት። ሰዎቹ መጥተው ሁለቱን ልጆች ወሰዱ፤ አያትየዋም ደጃቸውን እንዳይረግጡ ከለከሉ።

ሙዚቀኞቹን ይዤ የሄድሁት ጧት ነው። ጎረቤቱ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ጠበቀን። አንዲት ሴት ከአጥሩ ሥር ሆና፣ “ስንዴ ስንጠብቅ ማይክራፎን መጣ። ይቆላል ወይስ ይቀቀላል?” አለች። ሰው ሳቀ። የዘፈኑ አቀናባሪ፣ ረጋ ያለና ትሑት ወጣት፣ አብሮ ለመሳቅ ሞከረና ተወው። ከዚያ አልቃሿ እናት ፊት በርከክ ብሎ የመጣበትን አስረዳ።

እሳቸው ግን ያለ ሞት ሙሾ እንደማይወጣ ነገሩት። ደኅና ውለው ያደሩ ሰዎችን ማልቀስ ሟርት ነው፤ ቤት ያፈርሳል። የሞቱት እኮ ብዙ ናቸው ቢላቸው አገጫቸውን ወደ እኔ ቀና አደረጉ።

“እኒህ ሰውዬ የሞተ የለም ብለው ጽፈው የለ?”

የሞተ የለም እንዳላልሁ፣ በምግብ እጥረት ምክንያት ስለመሞቱ የተረጋገጠ ሰው የለም ብቻ እንዳልሁ አስረዳሁ። ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ነበር። ያ ሁሉ ሰው አደመጠው፤ እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን አጻጻፍ በሌላ ሰው ጆሮ ሰማሁት።

“እንግዲያው መርዶዬን ይንገሩኝ፣ ወንድሜ” አሉ። “ለከላላዎቹ የሄደው መርዶ የእርስዎ ወረቀት ነው። ልጄ በምን እንደሞተች እዚህ ሰው ፊት፣ እዚህ ብረት ላይ ይናገሩ። ይኼ ብረት ከላላ ድረስ ይሰማል አይደል? ያን ጊዜ አለቅሳለሁ።”

መርዶ ወግ አለው። ነጋሪው ይቆማል፤ የሟችን ስም ይጠራል፤ የሆነውን ሳያድበሰብስ ይናገራል፤ ለቅሶው የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምሁ። የልጅቱን ስም ጠራሁና፣ “በረሃብ ሞታለች። እናቷ ያላቸውን አብልተዋታል፤ እሷ ለልጆቿ ሰጠች። ቀድሞ የጻፍሁት ስሕተት ነው” አልሁ። ድፍረቱ የመጣልኝ ጡረታዬ ስለተቃረበ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም አልሁት።

እሳቸውም ነጠላቸውን አገልድመው ተነሡ።

“ስትሰጪ ኖረሽ ለልጆችሽ ጉርሻ፣
ላንቺ የተረፈሽ የአፈር ድርሻ።”

ከአጥሩ ሥር የቀለደችው ሴት ቀድማ ደረቷን መታች። ከዚያ ሁሉም ተከተለ። ድምፅ የሚቀርጸው ሰው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ለቅሶው ሲበርድ እናቲቱ አቀናባሪውን ጠርተው የእኔ ቃል ዘፈኑ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ጠየቁት። ይገባል አላቸው። ያን ጊዜ ከልቡ እንደነበረ አልጠራጠርም።

ዘፈኑ በቴሌቪዥን የሚወጣበትን ቀን ስነግራቸው ዳገቱን ወጥተው ቤቴ መጡ። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ የራሳቸው ድምፅ መጣ፤ ጉርሻና አፈር። ወዲያው ከበሮ ገባበት፤ ድምፃውያኑ በየተራ ተቀባበሉት፤ የተሰነጣጠቀ መሬት ታየ፤ የእሳቸው የተሸበሸበ እጅም ታየ። አዝማቹ ሲደጋገም፣ “አሁን ነው የሚመጣው?” አሉኝ። ዘፈኑ ሲያበቃ፣ “አለቀ?” አሉ። አለቀ አልኋቸው። ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ተነሥተው ወረዱ።

አቀናባሪውን ደውዬ ጠየቅሁት። በአክብሮት መለሰልኝ። “ጋሼ፣ ሞክረነው ነበር፤ ንግግሩ ዜማውን ሰበረብን። ስሜቱ ግን አለ።”

ዘፈኑ ተወደደ። በከተማው የብዙ ሰው ስልክ በእሳቸው ለቅሶ ይጠራ ጀመር፤ የሥራ ባልደረቦቼም አልቃሿን ስላገኘሁ እጄን ጨበጡኝ። እርዳታ አልመጣም ብዬ አልዋሽም፤ መጥቷል፤ ለእሳቸውም ደርሷቸዋል። ስንዴውን ተቀብለው ለጎረቤት አካፈሉት አሉ። የልጅ ልጆቻቸው የሌሉበት ቤት ስንት ያበስላል?

ጡረታ በወጣሁ በወሩ ወደ ከላላ ሄድሁ፤ እኩሌታውን በመኪና፣ እኩሌታውን በበቅሎ። የልጆቹ ወንድ አያት በክብር ተቀበሉኝ። አልቀመጥም ብዬ፣ እንደ ወጉ ቆሜ፣ መርዶውን እንደ አዲስ ተናገርሁ። እስከ መጨረሻው አደመጡኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው ወጡ። ደብዳቤዬ ነበር፤ ጥርት ያለ፣ አንድ ስርዝ የሌለበት።

“ይኼ ፊርማ የማን ነው?”

የእኔ መሆኑን አመንሁ። ዘፈኑን በሬዲዮ እንደሰሙት ነገሩኝ። ሴትዮዋ ታለቅሳለች፤ በምን ሞተች የሚል ግን የለበትም። እውነት ቢሆን አገር በሚሰማው ነገር ላይ ይተዉት ነበር ወይ አሉኝ።

“ጌታው፣ ይኼን ሲጽፉ ማኅተም ነበረዎት” አሉ፣ ወረቀቱን በጥንቃቄ መልሰው እየጠቀለሉ። “ዛሬ ባዶ እጅዎን መጡ። የትኛውን ልመን?”

ስመለስ በእናቲቱ ደጅ አለፍሁ። የተባልሁትን አንድ ሳልቀንስ ነገርኋቸው። ወረቀቱን አሁንም ይዘውት እንደሆነ ጠየቁኝ። በላስቲክ ጠቅልለው፣ ምንም ሳይነካው እንዳስቀመጡት ተናገርሁ።

“እንግዲያው በደንብ ጽፈውት ነበር” አሉኝ።