ዳስ ውስጥ የጮኸው ጊታር

ከደሴ መቐለ በሒሳብ መምህርነት ተመድቤ ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ ከልብስ ይልቅ ካሴት ይበዛ ነበር። ብሉዝ፣ ሮክ፣ ጥቂት ሜታል። ዘፋኞቹ ምን እንደሚሉ ግድ አልነበረኝም። የምጠብቀው ዘፋኙ ዝም ብሎ ጊታሪስቱ ብቻውን የሚቀርበትን ቦታ ነው። እዚያ ሲደርስ የያዝኩትን ሥራ አቆማለሁ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ቤታችን ውስጥ ሙዚቃ የሚጫወት አልነበረም፣ እኔም ጊታር ይዤ አላውቅም።

ዓዲ ሓቂ የሚባል ሰፈር አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። ግድግዳ የሚጋራኝ ወጣት አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ የጭነት መኪኖችን የሚጠግን መካኒክ ነበር። አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኳ። ድምፁን ቀንስ ሊለኝ የመጣ መስሎኝ ቴፑን ልነካ ስል፣ ገብቶ አጠገቡ ቁጭ አለና ካሴቱን ወደ ኋላ እንድመልሰው ጠየቀኝ። ጊታሩ ብቻውን የሚቀርበትን ሶሎ እንደገና ሰማነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አንለዋወጥም ነበር።

ምርጫችን ግን ለየቅል ነበር። እሱ ጣት ለዓይን እስኪያስቸግር የሚሮጥበትን ሜታል ይወዳል። እኔ አንዲት ድምፅ ተለጥጣ ተለጥጣ ልትበጠስ ስትል የምትመለስበትን ብሉዝ። እሱ የእኔን የለቅሶ ቤት ይለዋል፣ እኔ የእሱን የወፍጮ ቤት። የኮንሰርት ቪሲዲ ከተማው ውስጥ መገኘት ሲጀምር ማጫወቻ ገዛና ማየትም ጀመርን። አከራያችንን ሁለታችንም «እናቴ» ለማለት አደይ ነበር የምንላቸው። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው ጸጉራቸውን ያስረዘሙ ሰዎች ጭንቅላታቸውን ሲወዘውዙ አዩና ምን እንደነካቸው ጠየቁን። ደህና ናቸው አልናቸው። ጠበል ቢወስዷቸው ይሻል ነበር ብለው ሄዱ።

እንዲህ ያለ ጊታር ሲጫወቱ በዓይናችን አይተን ግን አናውቅም። በየሆቴሉ ኪቦርድ ነበር የነገሠው። የሠርግ ባንዶች ጊታር ቢይዙም ከኪቦርዱ ሥር የሚሰማው እንደ ነገሩ ነበር።

መካኒኩ ጓደኛዬ ሊያገባ ሲሆን ሚዜ አደረገኝ። ከሠርጉ በፊት ሙዚቃ ወደሚሠራው ባንድ ሄደን ጊታሪስቱን አነጋገርነው። ዝምተኛ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። ጓደኛዬ የሚፈልገውን ነገረው፤ ከምሳ በኋላ፣ ዘፈን የሌለበት፣ ጊታር ብቻ፣ የቻለውን ያህል እሳት የሆነ። ሰውየው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«የሙሽሪት አባት ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያው ሳጥኗን ይዣት እመጣለሁ» አለ። በእግር የምትረገጠውን፣ የጊታሩን ድምፅ የምታሻክረውን ትንሽ ሳጥን ማለቱ ነበር።

የሠርጉ ቀን ምሳ ተበልቶ በክብ የሚጨፈረው ጓይላ ሞቀ። ክቡ ሲሳሳ ኪቦርዱ ዝም አለና ጊታሪስቱ ወደ ፊት ወጥቶ ሳጥኗን ረገጣት። የመጀመሪያዋ ድምፅ ስትወጣ ዳስ ሙሉ ሰው ወደ ድምፅ ማጉያው ዞረ። ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ። እሱ ክሯን በጣቱ ገፍቶ ወደ ላይ ወሰዳት፣ እዚያው አንቀጥቅጦ አቆያትና ለቀቃት፤ ከዚያ ቁልቁል ሮጠ። የእኔ ብሉዝም የጓደኛዬ ሜታልም በአንድ ላይ ነበሩበት። አጠገቡ ስለቆምኩ የጣቶቹን ጫፍ አያለሁ።

ወዲያው የድምፅ ባለሙያው ከኋላ እየሮጠ መጣ። ድምፅ ማጉያው የተቃጠለ መስሎት ገመዱን ነቀለው።

የሙሽሪት አባት ከተቀመጡበት ተነሡ። ጓደኛዬም ከሙሽሮች ወንበር ሊነሣ ሲል ሙሽሪት ክንዱን ያዘችውና ቬሏን ገለጥ አድርጋ ባለሙያውን ተመለከተችው።

«ሕደጎ» አለችው። ተወው ማለቷ ነበር።

ባለሙያው ወደ አባትየው አየ። አባትየው ወደ ልጃቸው አዩ። ከዚያ ተመልሰው ተቀመጡ፣ ገመዱም ተሰካ።

ማንም አልጨፈረም። ሰው ቆሞ አየ። ከበሮ መቺው አንዴ ሊገባበት ሞከረና ተወው። ጊታሪስቱ ዓይኑን ጨፍኖ ተጫወተ፤ አንድ ሁለት ቦታ ስቷል፣ አንደኛዋ ክርም ከቅኝት ወጥታ ነበር። ጓደኛዬን ሳየው አፉን በመዳፉ ይዟል። ሲያልቅ ጥቂት ሰው አጨበጨበ፣ ኪቦርዱ ተመለሰ፣ ክቡም ዞረ።

ቆይተው አባትየው ወደ እኔ መጡ።

«መምህር፣ ያ ነገር ተበላሽቶ ነው ወይስ እንደዚያው ነው?»

«እንደዚያው ነው፣ አቦይ።»

«ሆን ብሎ ነዋ።»

«ሆን ብሎ ነው።»

«እንግዲህ ልጄ ይህን ስትሰማ ልትኖር ነው» አሉና ወደ እንግዶቻቸው ተመለሱ። አልተቆጡም፤ የዝናብ ወሬ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

ጊታሪስቱን የባንዱ መሪ ተቆጥቶታል። እሱ ግን ከዚያ ወዲያ አንዳንድ እሑድ ከሰዓት እኛ ግቢ መምጣት ጀመረ፤ ሠርግ ሲዞር በኖረባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ነገር የጠየቀው ሰው እንደሌለ ነገረን። ከእኔ ቴፕ ጋር አያይዞ ይጫወትልናል፤ አደይም በመስኮታቸው እየሰሙ ልብስ ያጥፋሉ። ጥቂት ወራት እንዲህ ቆየን። ከዚያ ጊታሪስቱ ጅቡቲ አገር አንድ ሆቴል ውስጥ ሥራ አገኘና ሄደ፤ ወሬው እዚያው ቀረ። ሙሽሮቹ መቐለ አጠገብ ወዳለችው ኲሓ ቤት ቀየሩ። እኔም ዝውውር ደርሶኝ ደሴ ገባሁ።

ዛሬ በስልኬ የፈለግሁትን ጊታሪስት አያለሁ። ከሠርጉ ሰውዬ ብዙ የሚበልጡ ናቸው። ግን አጠገቡ ቆሜ ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ጓደኛዬ እስካሁን የሚናደደው በሌላ ነገር ነው። የሠርጉ ቪዲዮ ውስጥ ያ ጊታር ከመጀመሪያዋ ጩኸት በቀር የለም። ካሜራ ያዡም እንደ ድምፅ ባለሙያው ዕቃው የተበላሸ መስሎት ቀረጻውን አቁሞ ነበር። አንድ ሰው ገመድ ሊነቅል ሲሮጥ ይታያል፤ ከዚያ ኬክ ይቆረሳል።