ምንጩ ለማን በጀ?

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ "ሥራው አለቀ" ሲባሉ ቶሎ አይደሰቱም ነበር። "ማለቁንስ አየሁ፤ ለማን በጀ?" ይላሉ። ካረፉ ወዲህ በቤታችን ይህን የሚጠይቅ የለም።

ሙሽራ ሆኜ ወደ አገራቸው ወደ ጉቶ ጊዳ በገባሁበት ዓመት የመንደሩን ምንጭ በድንጋይ አስገነቡ። የአውራጃው ሹም መጥተው አመሰገኗቸው፤ በሬም ታረደ። አማቴ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ባለቤታቸውን "ምንጩ ደጃችን ሆኖ ሙሽራዋ ስለ ምን ወንዝ ትወርዳለች?" ብለው ጠየቁ። ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ የወንዙ ቁልቁለት ያዳልጣል፤ ውሃውም ከብት የሚገባበት ነው።

ባለቤታቸው ሳቁ። "አይ አባ ወራ! እናንተ ሽማግሌዎች በምንጩ መንገድ ዳር ዋርካው ሥር ተደርድራችሁ፣ ሙሽራ በአማቷ ፊት እንስራ አዝላ ትለፍ? ነውር አይደል?"

"ኤዬ! ይህን እንዴት አላሰብኩትም?"

በማግስቱ ሽማግሌዎቹን ሌላ ጥላ እንፈልግ አሏቸው።

"ለአንዲት ሙሽራ ብለን ዋርካችንን እንልቀቅ?" ብለው አፌዙባቸው።

"ታዲያ ምንጩን የሠራነው ቁጭ ብለን ልናየው ነው?" አሉና በርጩማቸውን አንስተው ወደ ማዶ ተሻገሩ። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሏቸው።

መጀመሪያ በቀዳሁበት ጠዋት ራቅ ብለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር። ሳይዞሩ "ውሃው ጥሩ ነው?" አሉ። ሙሽራ አማቷን ማናገር ነውር ስለሆነ ዝም ብዬ እንስራዬን ሞላሁ።

ልጄን በሰላም ተገላገልኩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ያን ጠዋት ያልመለስኩላቸውን ዛሬ ልበል፦ ጥሩ ነው፣ አባባ።