የአቧራው ካርታ

የአባቴን ቤት ለማስረከብ መሳቢያውን ሳጸዳ አንዲት ቡናማ እርሳስ አገኘሁ፤ ጉቶዋ ብቻ ቀርቷል። ወደ አፍንጫዬ ባስጠጋኋት ጊዜ የእንጨቷ ሽታ መጣና ደሜ ፈላ። ይኸው፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል።

ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የምንኖረው ጀርመን አገር፣ ኡንተርሊደርባህ በሚባል የፍራንክፈርት ሰፈር ነበር። አባቴ አገር ቤት የአየር ጠባይ ካርታ የሚነድፍ የሜትሮሎጂ ባለሙያ ነበር፤ ፍራንክፈርት ግን የኤግዚቢሽን አዳራሽ ወለል ይወለውላል። ጀርመንኛው ከሰላምታ አያልፍም። አንድ ቀን፣ ስለ ታወቀ የአየር ጠባይ አደጋ በክፍል ፊት ሬፈራት የሚሉትን የቃል ገለጻ እንድናቀርብ ትምህርት ቤት ታዘዝን።

"የአሜሪካኖቹን የአቧራ ማዕበል ውሰጂ" አለኝ አባቴ፤ ዓይኑ በራ።

ሦስት ቅዳሜ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ የእኛ ሆነ። እሱ ካርታውን ይነድፋል፣ እኔ አቧራውን ቡናማ እቀባለሁ። በጠራራ ቀትር ጨለማ ስለወረደባቸው እርሻዎች፣ መስኮት ላይ እርጥብ አንሶላ ስለሰቀሉ እናቶች፣ ከመካከለኛው ሜዳ ተነስቶ ዋና ከተማቸው ድረስ ስለዘለቀው አቧራ ይነግረኛል።

"ነፋሱን አትውቀሺ" ይለኝ ነበር። "ሣሩን ከነሥሩ ነቅለው መሬቷን ራቁቷን ያስቀሯት ሰዎች ናቸው።"

እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ወለል የሚወለውል ሰው መሆኑን ረሳሁት፤ እሱም የረሳው ይመስለኛል።

ሬፈራቱን ሳቀርብ ልጆቹ ካርታውን ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ። አስተማሪዋ ግን ካርታውን ገለባብጣ አየችና አባቴን አስጠራችው። አስተርጓሚዋ እኔው ነበርኩ።

"ይህ የልጅ እጅ አይደለም፤ ከመጽሐፍ የተገለበጠ ነው" አለች። "ማጭበርበር ይባላል።"

ተረጎምኩለት። አባቴ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ወንበር እያለ! አስተማሪ ፊት አይቀመጥማ።

"ማን እንደሆንክ ልንገራት፣ አባዬ?"

"ተይ ልጄ። ከአስተማሪ ጋር ሙግት የለም። ይቅርታ በይልኝ።"

አልኩለት። ባላጠፋነው ጥፋት፣ በገዛ አፌ። ካርታውን መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው፤ ዳግም አላየሁትም።

በባቡሩ ስንመለስ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለኝ። ዝንቡ ይግባ! አልኩ በሆዴ። ለዓመታት አኮረፍኩት፤ ይሉኝታውን ረገምኩ፣ ያቺን ሴት ረገምኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። እሱ ቋንቋው አልነበረውም፤ እኔ ነበረኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብጨምር ማን ይከለክለኝ ነበር? ከሁሉም በላይ የምናደደው በራሴ ነው።

ባለፈው እሁድ እርሳሷን ይዤለት ሄድኩ፤ አሁን የሚኖረው በአረጋውያን መጦሪያ ነው። አላወቃትም። በጣቶቹ ሲያገላብጣት ሻዩን ደፋው። አንዲት ነርስ ፎጣ ይዛ መጣች፤ አባቴ ከወንበሩ ሊነሳላት ተፍጨረጨረ።

"ይቅርታ በይልኝ" አለኝ።

ወደ ነርሷ ዞርኩ። "አባቴ የሜትሮሎጂ ባለሙያ ነበር" አልኳት በጀርመንኛ። "ካርታ ይነድፍ ነበር። በገዛ እጁ!" ሳልጮህ አልቀረሁም፤ ነርሷ ፎጣውን እንደያዘች ቀረች።

አባቴ እጄን ነካ አደረገው።

"አልሽልኝ?"

"አልኩልህ፣ አባዬ።"